ጥሩምባው ወደ ላይ ያልዞረበት ቀን

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት የአካባቢ አጥኚ ሆንሁ። ስሙን ወድጄው ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት መካነ ሰላም ላይ ጂኦግራፊ አስተምሬ ያገኘሁት ማዕረግ "መምህር" ብቻ ነው፤ እሱንም ግማሽ ከተማው ይጋራኛል። አጥኚ ግን በቀበሌያችን እኔ ብቻ ነበርሁ። አንድ ካኔተራ፣ አንድ ኮፍያ፣ አንድ ጃንጥላና አንድ ታብሌት ላኩልኝ። ኮፍያው ጠበበኝ። ይህንንም ለሥራው የመመረጤ ምልክት አድርጌ ወሰድሁት።

የጥናቱ ባለቤት በሩቅ ከተማ ያለ ዶክተር ነው። መንገዱ ስለማያስተማምን ራሱ መምጣት አልቻለም፤ ያሠለጠነኝ በስልክ፣ ያውም ኔትወርክ ባለበት ጉብታ ላይ ቆሜ ነው።

"ዋናው ነገር እርስዎ የአገሩ ሰው መሆንዎ ነው" አለኝ። "ለእኛ የማይነግሩንን ለእርስዎ ይነግሩዎታል።"

"እሱማ ምን ጥያቄ አለው" አልሁት።

የማጠናው ግጭት ከቤቴ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። መንደራችን በሁለት ይከፈላል፤ ላይ ሠፈርና ታች ሠፈር ይባላል፤ እኔ የታቹ ነኝ። በመካከላችን ጨፌው አለ፤ በጋ ከክረምት ሣር የማይጠፋበት ረግረግ መስክ ነው። ሁለቱ ሠፈሮች ከአያቶቻችን ጀምሮ ከብታቸውን በአንድ ጨፌ ሲያግጡ፣ ሙታቸውን በአንድ ቅሬ ሲቀብሩ ኖረዋል። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሃይማኖት አይለይም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ሬሳ ይሸከማል፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም ይሸከሙታል። ታዲያ ከአንድ ዓመት ወዲህ ላዮቹ የራሳቸውን ቅሬ አቋቋሙ። ባለፈው ክረምት ደግሞ ጨፌው ላይ በዱላ ተማቱ፤ ከእኛ የአንዱ ክንድ ተሰበረ፣ ከእነሱ የአንዱ ግንባር ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ አንዱ በሌላው ደጅ አያልፍም።

በመጠይቁ ላይ "የግጭቱ መነሻ ምንድን ነው?" የሚል አለ፤ ከሥሩ ሰባት ምርጫ። አንድ፣ የግጦሽ መሬት። ሁለት፣ የድንበር ጉዳይ። ሦስት፣ ውኃ። እያለ ይሄድና ሰባተኛው "ሌላ (ይገለጽ)" ይላል። እኔ መልሱን ሳልጀምር አውቀዋለሁ፤ አንድ ነው። መጠይቁን የማስሞላው ለወጉ ነበር።

መንገድ መሪ ያዝ ሲሉኝ አበጋዝን ያዝሁ። አንደኛ ቤቱን ሁሉ ያውቃል፤ ሁለተኛ ሥራ ፈት ነው።

አበጋዝ ሃምሳን አልፏል። በወጣትነቱ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ የመንን በእግሩ አቋርጦ ሳውዲ ገብቶ ነበር። አራት ዓመት በረሃ ላይ ፍየል ጠበቀ፤ ከዚያ ተይዞ ተመለሰ። ሌላው ተመላሽ ብርድ ልብስና ቴሌቪዥን ይዞ ሲገባ እሱ ባዶ እጁን ገባ። "ሳንባዬን ይዤ መጣሁ" ይላል፤ ሰው በሌለበት አሸዋ ላይ ፍየል ሲጣራ የሰፋ ሳንባ። ቅሬውም ይህን ሰምቶ የቆርቆሮ ጥሩምባውን ሰጠው።

የጥሩምባ ነፊ ሥራ ቀላል ይመስላል። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ጉብታው ላይ ይወጣና ሁለት ጊዜ ወደ ታች፣ ዞሮ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ይነፋል። ከዚያ በየቤቱ እየሄደ የሞተውን ስም ይናገራል። አበጋዝ ግን ይህን ሲያደርግ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ውኃ የተሸከመች ሴት መንገድ ላይ ካገኘ ጄሪካኗን ሳታወርድ ስም አይጠራም። ከብት የሚነዳውን "መጀመሪያ አስገባቸውና ና" ይለዋል። ልቡ የሚደክመውን ሰው ጎረቤት አስከትሎ ይነግረዋል። ማንበብ አይችልም፤ መቶ አርባ ቤት ግን ከነውሾቹ ጠባይ በቃሉ ይዟል።

በእኛ ዘንድ ጥሩምባው ያልዞረለት ሰው ለቀብር አይመጣም። ሰምቶም ቢሆን አይመጣም። አለመጠራት "ከእኛ አይደለህም" መባል ነውና ያልተጠራ እጅ ቃሬዛ አይነካም።

ጥናቱ በተጀመረ ጊዜ አበጋዝ ጥሩምባውን ከተነጠቀ ዓመት አልፎት ነበር። በምን እንደተነጠቀ አልጠየቅሁም። ስንፍና መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ስመኝ ካረፈች ጀምሮ የቅሬ ስብሰባ አልሄድም፤ መዋጮዬን በጎረቤት እልካለሁ። ሰዎች ተሰብስበው ሲያወሩ እኔ ስደርስ ወሬው ቀጥ ይላል። ይህንንም ለትምህርቴ የተሰጠ አክብሮት አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሚመጣው እሑድ ስብሰባ አበጋዝ ከቅሬው ጨርሶ ሊባረር ነው። ላዮቹም ታቾቹም የሚስማሙበት ብቸኛ ጉዳይ የአበጋዝ ጥፋተኝነት ስለሆነ፣ ለዕርቁ መጀመሪያ እሱን እናስወጣ ተብሏል። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ታማሚውን የሚሸከምለት የለም፣ ሬሳው አይነሳለትም። እናቱ እማማ በዛች ደግሞ ሰማንያ አልፏቸው ከአልጋ ከዋሉ ሰንብተዋል።

"አይዞህ" አልሁት አበጋዝን፣ በጠባቡ ኮፍያዬ ሥር ሆኜ። "ጥናቱ ሲያልቅ እውነቱ ይወጣል።"

"ኢንሻላህ መምህር" አለና ጃንጥላዬን ተቀበለኝ።

የታች ሠፈርን በሦስት ቀን ጨረስሁ። ሁሉም "አንድ፣ ግጦሽ" አሉኝ። ወደ ላይ ሠፈር የወጣነው ሐሙስ ነው። አበጋዝ በየቤቱ ከአጥሩ አያልፍም። "እኔ እዚህ ልቁም" ይላል። ውሻ ፈርቶ መስሎኝ ነበር፤ ውሾቹ ግን ጭራቸውን እየቆሉ ይልሱታል፤ የሚጮኹት እኔ ላይ ነው።

እስከ እኩለ ቀን ዘጠኝ ቤት ገባሁ። ዘጠኙም አስቀመጡኝ፣ ዘጠኙም "ግጦሽ" አሉ። አንድ ነገር ገረመኝ። ስመኝ ከሞተች ወዲህ ወደ ላይ ሠፈር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሆኖም "እግዜር ያጥናህ" ወይም "አላህ ሶብሩን ይስጥህ" ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ደስ አለኝ። ለዐሥራ አራት ወር ይህን ቃል ስሰማ ሰልችቶኝ ነበር፤ ላዮቹ አስተዋይ ሆነው ቁስሌን ሳይነኩ ያለፉኝ መሰለኝ። ታብሌቱ ላይም "ተጠያቂዎች ጨዋ ናቸው" ብዬ መዘገብሁ።

በየጓሮው የጌሾ ተክል አየሁ። ስመኝ በየክረምቱ ለሠፈሩ ስታድል የኖረችው ችግኝ ነው። የእኛ ጓሮ ያለው ደርቋል፤ ማጠጣት ረሳሁ።

ዐሥረኛው ቤት የእማማ ይታይሽ ነው። ሰባ ዓመት አካባቢ የሚሆናቸው፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። መደብ ላይ አስቀመጡኝ። "ግጦሽ በል፣ ጻፍ" አሉኝ ገና ሳልጠይቅ። ጻፍሁ። ከዚያ በበሩ አሻግረው አጥሩን አዩ።

"ያ ሰው ምን ያቆመዋል እዚያ?"

"አበጋዝ ነው፤ መንገድ መሪዬ ነው።"

"ጥሩ መሪ ይዘሃል! ሞት የሚደብቅ!"

"የማንን ሞት ደበቀ?"

እማማ ይታይሽ እስከ ዛሬ ካስተማርኋቸው ሰነፍ ተማሪዎች ሁሉ እኔ የባስሁ ይመስል አዩኝ።

"መምህር፣ ትቀልዳለህ ወይስ ከልብህ ነው? የስመኝን ነዋ!"

ታብሌቱን ጭኔ ላይ አኖርሁት።

"ያን ቀን ገብስ ልናጭድ ወጥተን ነበር" አሉ። "ወደ ታች ሲነፋ ሰማን። ማጭዳችንን ጥለን ገባን። ስመኝ መታመሟን ማን የማያውቅ አለ? ነጠላዬን አዘቅዝቄ በር ላይ ቆምሁ። አሁን ወደ እኛ ይዞራል፣ አሁን ይዞራል ስል ፀሐይ ወጣች። የሠፈሩ ሴት ሁሉ እንዲሁ ቆሞ ነበር። ቀትር ላይ መቀበሯን ከገበያ ከሚመለስ ሰው ሰማን። ታቾቹ 'አንፈልጋችሁም' አሉን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ምን ቅሬ፣ ምን ጨፌ? ቀባሪው የተለየ ሰው፣ ላሙ ተቀላቅላ ምን ልትሆን ነው!"

ቀጥለውም "ለዚህ ነው እግዜር ያጥናህ ያላልሁህ" አሉ። "ያልተጠራ ሰው ምን ብሎ ያጽናናል?"

ያ ንጋት ተመልሶ መጣብኝ። አበጋዝ ጥሩምባውን ይዞ ደጃፌ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ አሳቢ ሰው ነኝ። ገብሱ ደርሶ እየረገፈ ነው፣ ሰማዩም ደመና ይዟል፤ የላይ ሠፈር ሰው አንድ ቀን ሥራ ቢፈታ ዝናቡ ዓመቱን ይበላበታል ብዬ አሰብሁ።

"ላዮቹን ተዋቸው" አልሁት። "አጨዳ ላይ ናቸው፤ አታስቸግራቸው።"

"መምህር፣ ይሄ አይሆንም" አለኝ።

"የሞተችው የማን ሚስት ናት፤ የእኔ ወይስ የአንተ?"

ጥሩምባውን እንደያዘ ሄደ። ወደ ታች ብቻ ነፋ።

ስመኝ በሕይወት ሳለች "አንተ ሰው፣ ካርታ እንጂ መንገድ አታውቅም" ትለኝ ነበር። ለሠላሳ ዓመት ያህል እንደ ቀልድ ስቄበታለሁ።

ከእማማ ይታይሽ ቤት ወጥተን ቁልቁለቱን ወረድን። ጨፌው ዳር ስንደርስ ቆምሁ።

"አበጋዝ።"

"አቤት መምህር።"

"ለምን አልነገርሃቸውም?"

"ምኑን?"

"እኔ አትጥራቸው እንዳልሁህ።"

ጃንጥላውን መሬት ላይ ተክሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። "ምን ብዬ? 'መምህሩ ሚስቱ በሞተች ጠዋት ተሳሳተ' ልበል? ለቅሶ ላይ ያለ ሰው የተናገረውን ለቅሞ አደባባይ የሚያወጣ ሰው፣ ሰው ይባላል?"

"ታዲያ ለቅሬው ምን አልሃቸው?"

"'አልጠራኋቸውም' አልሁ። 'ለምን?' አሉኝ። 'ረሳሁ' አልሁ። መቶ አርባ ቤት ከነውሻው የሚያውቅ ሰው ግማሹን ረሳ ሲል ማን ያምናል! ታቾቹ 'በየቤቱ ዞሮ ጠርቷቸዋል፤ ላዮቹ ንቀው ቢቀሩ ይሸፍንላቸዋል' አሉ። ላዮቹ 'ታቾቹ አዘውት ነው' አሉ። በኋላ ሁለቱም 'ነገሩን ያመጣው እሱ ነው' ብለው ተስማሙ።"

"ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበር?"

"እርስዎንማ ዐሥራ አራት ወር ጠበቅሁ፤ አንድ ቀን ይጠይቁኛል ብዬ። መጠየቅ የጀመሩት ታብሌት ሲሰጥዎ ነው። እሱንም አገሩን ሁሉ ጠይቀው እኔን ዘለሉኝ።"

እውነቱን ነው። መንገድ መሪ በናሙናው ውስጥ የለም።

"ግን እኮ አወጣሁዎት" አለ ደግሞ፣ ፈገግ እያለ። "ከቤት ቤት አደረስሁዎት። በዐሥረኛው ደረሱበት። ወላሂ እኔ በሦስተኛው ይደርሱበታል ብዬ ነበር።"

አርብና ቅዳሜ ንግግር ጻፍሁ። አራት ገጽ ወጣው። የመጀመሪያው ገጽ "የችግሩ ዳራ" ይላል፤ እኔ የምመጣው ሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም "አንዳንድ ግለሰቦች" ተብዬ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰብን። ታቾቹ ሰንደቅ ዓላማው ሥር፣ ላዮቹ ከግንቡ ጥግ ቆሙ። አበጋዝ መሐል ላይ ለብቻው ቁጭ ብሏል። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አሕመድኑር ዱአ አደረጉ፤ ሁላችንም አሜን አልን።

"እንግዲህ ጉዳዩ የአበጋዝ ነው" አሉ። "ከመፍረዳችን በፊት የሚናገር አለ?"

ተነሳሁ። አራቱን ገጽ ዘረጋሁ። "የአካባቢያችን መልክዐ ምድራዊ አቀማመጥ..." ብዬ ጀመርሁ።

"መምህር" አሉ ጋሽ አሕመድኑር በትሕትና። "ጥናቱን ላዘዙዎት ያቆዩላቸው። ለእኛ ነገሩን ብቻ ይንገሩን።"

ወረቀቱን አጠፍሁት። ያለ ወረቀት ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም፤ ተማሪ ፊት እንኳ ጠመኔ እይዝ ነበር።

"ስመኝ በሞተች ቀን አበጋዝ ላዮቹን ሊጠራ ነበር" አልሁ። "የከለከልሁት እኔ ነኝ። አጨዳ ላይ ናችሁ ብዬ ነው። እሱ አይሆንም ብሎኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ይኸው ነው። አራት ገጹ ወደዚህ ወረደ።

ከታቾቹ መሐል አንዱ "በገብስ ምክንያት?" አለ። ሌላው "ይሄ ሁሉ ዱላ በመምህር አሳቢነት ነው!" አለና ሳቅ ተነሳ። ክንዱ የተሰበረው ሰውዬ ግን አልሳቀም። እኔም ወደ እሱ ማየት አልቻልሁም።

"ዐሥራ አራት ወር ሙሉ አፍህን ምን ዘጋው?" ብለው ጋሽ አሕመድኑር አበጋዝን ጠየቁት።

"መምህሩ ለቅሶ ላይ ናቸው" አለ አበጋዝ።

ከግንቡ ጥግ እማማ ይታይሽ ተነሡ። "ዳኛው፣ እኔ ልናገር። ነገሩ እንዲህ ከሆነ እኮ ስመኝ ለእኛ ገና አልሞተችም። አልተነገረንም። ይነገረን።"

ጋሽ አሕመድኑር ግራ ቀኙን አዩ። "ላይ ሠፈር፣ ቃላችሁ ይህ ነው?"

"ይነገረን!" አሉ ላዮቹ።

"ታች ሠፈርስ?"

ታቾቹ ትንሽ አንጎራጎሩ፤ ግን እምቢ የሚል አልተገኘም።

ጥሩምባው ከእሱ በኋላ ነፊ አጥቶ በጋሽ አሕመድኑር ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሰው ልከው አስመጡት። አበጋዝ ከውስጡ የሸረሪት ድር አራገፈና ወደ ጉብታው ወጣ። ሁላችንም ተከትለን ቆምን። ጀርባውን ለታች ሠፈር ሰጠና ወደ ላይ ነፋ። ሁለት ጊዜ ነፋ። ከዚያ በሙሉ ድምፁ ስሟን ተናገረ።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ መሬት ማየት ሥራዬ ነው።

በማግስቱ፣ ላይ ሠፈር በሙሉ ለቅሶ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አገልድመው፣ ንፍሮና ዳቦ ይዘው ጨፌውን አቋርጠው ወረዱ። ታቾቹ አግዳሚ አዋሱኝ፤ ቤቴ ያለው ሁለት ወንበር ነው፣ አንዱም ይነቃነቃል። ባለፈው ጊዜ በሦስተኛው ቀን "ሰው ሥራ አለው" ብዬ ድንኳኑን አስፈትቼ ነበር። አሁን ግን የሚፈታ ድንኳን እንኳ አልነበረም፤ ቁጭ አልሁ። የስመኝ መቀነት እስካሁን ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ነው። እማማ ይታይሽ ሲገቡ አዩት፤ በእጃቸው ነካ አደረጉትና ትተውት አለፉ።

ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡ። "እግዜር ያጥናህ" አሉኝ።

"አሜን" አልሁ።

ሲወጡ አንድ የጌሾ ችግኝ በላስቲክ ጠቅልለው ደጃፉ ላይ ትተውልኝ ሄዱ። የእኛ መድረቁን ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም፤ መንገድ መሪዬ አፉን የሚዘጋው በሚፈልገው ነገር ብቻ ነው።

ጨፌው ገና አልተፈታም። ሽማግሌዎች ተራ አውጥተው ከብቶቹ በፈረቃ ይገባሉ፤ ክንዱ የተሰበረው ሰው ከግንባረ ስንጥቁ ጋር ገና አይነጋገርም። ቅሬው ግን ወደ አንድ ተመልሷል። ለእኔ የተፈረደብኝ ቅጣት በየስብሰባው መገኘት ነው። ከበደኝ፤ ግን እሄዳለሁ።

ዶክተሩ መረጃው ሲደርሰው ደወለ። ጉብታው ላይ ወጣሁ።

"መምህር፣ ሥራው ግሩም ነው" አለኝ። "አንድ ነገር ብቻ፦ የመጨረሻው ቅጽ ላይ ሰባተኛውን መርጠው፣ 'ሌላ' በሚለው ቦታ 'መጠይቁን ያስሞላው ሰው' ተብሎ ተጽፏል። ስህተት ይሆን?"

"ስህተትስ ነው" አልሁት። "የጽሑፍ ግን አይደለም።"

ነገርሁት። ሰምቶ ሲጨርስ "እኔ ብመጣ ኖሮ አንድ፣ ግጦሽ ብዬ እሄድ ነበር" አለ። እኔም እንደዚያ ብዬ ልቀር ትንሽ ነበር የቀረኝ። የአካባቢ አጥኚ ጥቅሙ የገባኝ ያኔ ነው፤ ጥፋቱ አብሮት የሚኖር ስለሆነ ሊያገኘው ሩቅ አይሄድም። መንገድ የሚመራው ሰው ብቻ ያስፈልገዋል።

ከጉብታው ስወርድ አበጋዝ ጥሩምባውን በጨርቅ እየወለወለ አገኘሁት። ኮፍያውን ሰጠሁት፤ ለእሱ ልክ ሆነው።

"መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?" አለኝ።

"ጠይቅ።"

"ያው ሁላችንም ሟች ነን፤ ዕድሜ ይስጥዎና። የእርስዎ ቀን ሲመጣ ታዲያ ላዮቹን ልጥራ፣ ወይስ አጨዳ ከሆነ ልተዋቸው?"

"ጥራቸው" አልሁት። "ዝናብም ቢይዝ ጥራቸው።"